አይኤስኦ 9001 ሰርተፊኬት ለማግኘት ቲሙን እንዴት ታዋቅራላችሁ? ከሀ እስከ ፐ

አንድ ድርጅት የጥራት ሰርተፊኬት ይኑረን ብሎ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈለገው ዶክመንት ነው። ፕሮሲጀር የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል፣ ዝግጁ ፎርም ይፈለጋል፣ ከሌላ ድርጅት የተገኘ ማኑዋል ይመጣና ስሙና ሎጎው ተቀይሮ ፋይል ይሞላል። ከዛ ኦዲተር መጥቶ ስቶር ውስጥ ያለውን ሠራተኛ "ዕቃ ስትረከብ ምን ምን ታያለህ?" ብሎ ሲጠይቀው ሠራተኛው የሚመልሰው ፋይሉ ውስጥ ከተጻፈው ጋር አይገናኝም። ሰውየው አልዋሸም፣ ሥራውንም አላጠፋም፣ ግን ያ ፕሮሲጀር ሲጻፍ ማንም አልጠየቀውም። ስለዚህ እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን ገልብጡት ነው፣ መጀመሪያ ትክክለኛ ሰዎችን ትክክለኛ ቦታ ላይ አስቀምጡ፣ ዶክመንቱ ከነሱ ሥራ ውስጥ ይወጣል።

እዚህ የምጽፈው የጥራት ማኔጅመንት ሲስተም ስታንዳርድ የሆነውን አይኤስኦ 9001ን ይዤ ነው ምክንያቱም ብዙ ድርጅት የሚጀምረው በሱ ነው፣ ሌላ የማኔጅመንት ሲስተም ስታንዳርድ የምትሠሩ ከሆነም የቲሙ ነገር ብዙም አይለያይም።

ቲሙ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚፈለግ ከመጀመሪያው እንወቀው። አይኤስኦ (ዓለም አቀፉ የስታንዳርድ ድርጅት) ራሱ ለማንም ሰርተፊኬት አይሰጥም፣ እሱ ስታንዳርዱን ነው የሚያወጣው፣ ሰርተፊኬት የሚሰጡት ሰርቲፊኬሽን ቦዲ የሚባሉ ድርጅቶች ናቸው። እነሱ በሁለት ዙር ይመጣሉ፣ ስቴጅ 1 ላይ ሲስተማችሁ ለኦዲት ዝግጁ መሆኑን ያያሉ፣ ስቴጅ 2 ላይ ደሞ የጻፋችሁትን በተግባር እየሠራችሁበት መሆኑን። ካለፋችሁ ሰርተፊኬቱ ለ3 ዓመት ነው፣ በመሀል ቢያንስ በዓመት አንዴ የክትትል ኦዲት አለ፣ 3 ዓመቱ ሳያልቅ ደሞ የእድሳት ኦዲት። ስለዚህ የምትሰበስቡት ለአንድ ሰሞን ተሯሩጦ የሚበተን ኮሚቴ አይደለም፣ ቢያንስ 3 ዓመት የሚያስኬዳችሁ ሰው ነው የምትመርጡት።

ደረጃ 1፦ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ስኮፑን ወስኑ

ስኮፕ ማለት ሰርተፊኬቱ የትኛውን ምርት ወይም አገልግሎት፣ የትኛውን ቅርንጫፍ፣ የትኛውን ሥራ ይሸፍናል የሚለው ነው። ይሄ ሳይወሰን ቲም ከተቋቋመ ወይ የማይመለከተው ሰው ሚቲንግ ላይ ተቀምጦ ይሰለቻል ወይ ደሞ ዋናው ሰው ይረሳል። አንድ ወረቀት ላይ ደንበኛ ትዕዛዝ ከሚሰጥበት ሰዓት ጀምሮ ምርቱ ወይም አገልግሎቱ እጁ እስኪገባ ድረስ ያሉትን ሥራዎች በቅደም ተከተል ጻፉ፣ ከዛ እነዚህን የሚደግፉትን ጨምሩ፣ ግዥ፣ የሰው ኃይል፣ ጥገና፣ አይቲ የመሳሰሉትን። ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ "ይሄ ሲበላሽ ማን ነው የሚጠየቀው?" ብላችሁ አንድ ስም አስቀምጡ።

ስም የጠፋለት ሥራ ካገኛችሁ ወይም ሁለት ስም የተጻፈበት ካለ እዛ ላይ ቁሙ፣ ምክንያቱም ኦዲተርም እዛው ላይ ነው የሚቆመው። የደንበኛ ቅሬታ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው፣ ሽያጭ ክፍል ይቀበለዋል፣ ፕሮዳክሽን ይሰማዋል፣ ሥራ አስኪያጁ ይቆጣበታል፣ መዝግቦ እስከ መጨረሻ የሚከታተለው ግን የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሚያስቸግር ክፍልን ከስኮፕ አውጥቶ ለመገላገል አትሞክሩ። ስታንዳርዱ አንድን መስፈርት "አይመለከተንም" ማለት የሚፈቅደው ያ መስፈርት መቅረቱ ምርቱ ወይም አገልግሎቱ ደንበኛው የሚፈልገውን እንዲያሟላ የማድረግ አቅማችሁን ወይም ኃላፊነታችሁን የማይነካ ከሆነ ብቻ ነው፣ ምክንያቱንም መጻፍ አለባችሁ። ዲዛይን የማይሠራ ድርጅት ዲዛይንን የሚመለከተውን አንቀጽ 8.3 አይመለከተኝም ሊል ይችላል፣ ዲዛይን እየሠራ ግን ሥርዓት ስለሌለው ብቻ ማውጣት አይችልም።

ደረጃ 2፦ አለቃውን ቲሙ ውስጥ አስገቡ

ይሄን ደረጃ የሚዘል ሰው ሌላውን ሁሉ ባይደክምበት ይሻለዋል፣ ከልቤ ነው የምለው።

በ2000 እና በ2008 በወጡት እትሞች ላይ ስታንዳርዱ "የማኔጅመንት ተወካይ" የሚባል ሰው በግድ እንዲሾም ይጠይቅ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ፣ ብዙ ቦታ ላይ አለቃው "የጥራት ጉዳይ እሱ ጋ ነው" ብሎ ተወካዩ ላይ ጣለው። የ2015ቱ እትም ያን የግዴታ ሹመት አወጣውና በአንቀጽ 5.1 ላይ የሲስተሙ ውጤታማነት ተጠያቂነት የበላይ አመራሩ ነው አለ። ሥራውን ማከፋፈል ይችላል፣ ተጠያቂነቱ ግን እሱ ጋ ይቀራል። ኦዲተሩም ዋና ሥራ አስኪያጁን ቁጭ አድርጎ ያናግረዋል፣ የጥራት ዓላማዎቻችሁ ምንድናቸው፣ ባለፈው የማኔጅመንት ሪቪው (አመራሩ ሲስተሙን በሚገመግምበት ስብሰባ) ምን ወሰናችሁ፣ ትልቁ ስጋታችሁ ምንድነው እያለ። እዛ ጋ "እሱን ኳሊቲ ማኔጀሩን ጠይቀው" የሚል መልስ ከወጣ ችግር አለ።

ታድያ ከአለቃው በተግባር ምንድነው የምትፈልጉት? ቲሙን የሚያቋቁም በሱ ፊርማ የወጣ ደብዳቤ፣ የእያንዳንዱ አባል ስምና ለዚህ ሥራ የተፈቀደለት ሰዓት ያለበት። ለሥልጠና፣ ለመለኪያ መሣሪያ ካሊብሬሽን እና ለኦዲት ክፍያ የተያዘ በጀት። በወር አንዴ ቢያንስ አንድ ስብሰባ ላይ ራሱ መገኘት። እና ደሞ ይሄኛው ከሁሉም ይበልጣል፣ የዲፓርትመንት ኃላፊ "ጊዜ የለኝም" ሲል አለቃው ማን ጎን እንደሚቆም ከመጀመሪያው በግልጽ መናገር።

አለቃውን ለማሳመን የስታንዳርድ ቋንቋ አትጠቀሙ። ባለፉት ወራት ተመልሶ የመጣ ምርት፣ ድጋሚ የተሠራ ሥራ፣ የዘገየ ትዕዛዝ፣ ሰርተፊኬት ስለሌለ ያልተወዳደራችሁበት ጨረታ ካለ እነዚህን ሰብስባችሁ በገንዘብ አስልታችሁ አሳዩት። አሁንም ፍላጎት ከሌለው ፕሮጀክቱን አቆዩት፣ እውነት ለመናገር ሰዎቹን አሰልችታችሁ በኋላ ድጋሚ ከመጥራት ማቆየቱ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ አስተባባሪውን ምረጡ

የግዴታ ሹመቱ ቢነሳም ሥራውን የሚያቀናጅ አንድ ሰው ያስፈልጋል፣ ኳሊቲ ማኔጀር በሉት፣ አስተባባሪ በሉት ስሙ ለውጥ የለውም። ሥራ የቀለለው ሰው፣ ወይም አዲስ የተቀጠረ ምሩቅ፣ ወይም ኮምፒውተር ጎበዝ ስለሆነ ብቻ የተመረጠ ሰው ላይ አታስቀምጡት። አዲስ ምሩቅ ዶክመንት በማደራጀት በጣም ሊጠቅም ይችላል፣ ነገር ግን አሥር ዓመት የሠራ የፕሮዳክሽን ኃላፊ ቢሮ ገብቶ "ይሄ ሪከርድ አልተሞላም፣ እስከ ሐሙስ እንዲሞላ" ማለት ይከብደዋል፣ ቢልም የሚሰማው የለም።

እኔ የማየው ሦስት ነገር ነው። የድርጅቱን ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያውቃል ወይ? ቢያንስ ሁለት ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ካለ ወርቅ ነው። ሰው ያከብረዋል ወይ? ቁጣውን መፍራታቸውን አይደለም የምጠይቀው፣ ሠራተኞች ችግር ሲገጥማቸው ሄደው የሚያማክሩት ሰው ነው ወይ ነው። ሦስተኛ የጀመረውን ይጨርሳል ወይ፣ ምክንያቱም የዚህ ሥራ ግማሹ ሳይሰለቹ መከታተል ነው፣ ትናንት ቃል የተገባውን ነገ መጠየቅ። ስታንዳርዱን አያውቀውም ብላችሁ አትስጉ፣ ስታንዳርዱን ይማረዋል፣ እነዚህ ሦስቱ ግን በሥልጠና አይመጡም።

ተጠሪነቱ በቀጥታ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ይሁን። ፕሮዳክሽን ኃላፊ ሥር ካደረጋችሁት የፕሮዳክሽንን ስህተት ሊያወጣ ሲል አለቃውን መክሰስ ይሆንበታል። ጊዜውን በተመለከተ ትልቅ ድርጅት ከሆነ ሙሉ ጊዜውን፣ አነስ ያለ ከሆነ ቢያንስ የሥራ ሰዓቱን ግማሽ እስከ ሰርተፊኬቱ ድረስ ስጡት፣ ከነባሩ ሥራ ላይ ምን እንደሚቀነስለትም በጽሑፍ ይቀመጥ። ሳይቀነስለት የተጨመረበት ሰው ከሁለቱ አንዱን ይጥላል፣ የሚጥለው ደሞ ይሄኛውን ነው።

ደረጃ 4፦ ዋናውን ቲም ከሥራው ውስጥ አውጡ

አሁን ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን ወረቀት አውጡ። አጠገቡ ስማቸው የተጻፈ ሰዎች ናቸው ቲሙ። ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ጥሩ ነው፣ ከዛ ሲበዛ ስብሰባ ብቻ ይሆናል፣ ሲያንስ ደሞ አንድ ክፍል ይረሳል። የክፍሉ ብዛት ከዚህ በላይ ከሆነ ዋና ቲሙን ትንሽ አድርጋችሁ ሌሎቹን ርዕሳቸው ሲደርስ ጥሯቸው።

ሰውና አንቀጽ እንደዚህ ይገናኛሉ። የሽያጭ ሰው አንቀጽ 8.2ን ይይዛል፣ ደንበኛው የፈለገው ምን እንደሆነ ትዕዛዝ ከመቀበል በፊት መጣራቱን። የግዥ ሰው 8.4ን፣ አቅራቢ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴት ይገመገማል። የፕሮዳክሽን ወይም የአገልግሎት ኃላፊው 8.5ን፣ እንዲሁም የተበላሸ ምርት ሳይታወቅ እንዳይወጣ የሚለውን 8.7ን። ጥገና ወይም ላብራቶሪ ያለው ሰው 7.1.5ን፣ መለኪያ መሣሪያዎች በትክክል እንደሚለኩ ማረጋገጥ። የሰው ኃይል 7.2ን፣ ሠራተኛው ለያዘው ሥራ ብቁ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ። አስተባባሪው 7.5ን ይይዛል፣ ማለትም የዶክመንት ቁጥጥሩን። ስጋትና ዓላማን የሚመለከተውን አንቀጽ 6 ለአንድ ሰው አትስጡት፣ ከነአለቃው አብራችሁ ተቀመጡበት።

እዚህ ጋ በጣም የተለመደ ነገር አለ። የዲፓርትመንት ኃላፊው ይጠራል፣ እሱ ደሞ "እገሌ እኔን ወክሎ ይገኝ" ብሎ ረዳቱን ይልካል። ረዳቱ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ግን አንድ ነገር ሊወሰን ሲል "ኃላፊዬን ልጠይቅ" ይላል፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ ሰው ይመጣል፣ ጉዳዩ ከዜሮ ይጀመራል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ቲሙ ውስጥ የሚገባው ሰው የክፍሉን አሠራር መቀየር የሚችል ይሁን፣ ኃላፊው መምጣት ካልቻለ ለሚልከው ሰው የመወሰን ሥልጣን በደብዳቤ ይስጠው። ሁለቱም ካልሆነ ለአለቃው ይነገር።

ከኃላፊዎቹ በተጨማሪ ሁለት ሰው ጨምሩ እላለሁ። አንደኛው ሥራውን በእጁ የሚሠራ ሰው፣ ማሽን ላይ ያለ፣ ስቶር ውስጥ ያለ፣ ደንበኛ ፊት ለፊት የሚቀመጥ፣ ምክንያቱም ኃላፊዎች የሚያወሩት ሥራው እንዴት መሠራት እንዳለበት ነው፣ እሱ ግን እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል። ስታንዳርዱ ከተመሠረተባቸው 7 የጥራት ማኔጅመንት መርሆዎች አንዱ የሠራተኞች ተሳትፎ ነው፣ ይሄ ሰው እዛ መቀመጡ መርሁ በተግባር ማለት ነው። ሁለተኛው ደሞ "ይሄ ነገር ወረቀት ማብዛት ነው፣ ምንም አይጠቅምም" የሚለው ተጠራጣሪ ሰው። ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ይሸሻል፣ እኔ ግን አስገቡት ባይ ነኝ፣ የማይጠቅም ፎርም ስትሠሩ ቀድሞ የሚነግራችሁ እሱ ነው፣ ካመነበት ደሞ ከሌላው ሁሉ በላይ ሌሎችን የሚያሳምነውም እሱ ነው። ተጠራጣሪ ስል ምክንያት የሚያቀርበውን ነው እንጂ ሥራ ለማደናቀፍ የሚመጣውን አይደለም፣ ልዩነቱ ቶሎ ይታወቃል።

ድርጅታችሁ አሥር አሥራ አምስት ሰው ብቻ ከሆነ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ድርሻ ይይዛል፣ ምንም ችግር የለውም፣ ስታንዳርዱ የሰው ቁጥር አይጠይቅም። የትኛው ድርሻ ማን ጋ እንዳለ ግልጽ መሆኑን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ደረጃ 5፦ ድርሻውን በጽሑፍ አስቀምጡ

አጭር ሰንጠረዥ ይበቃል። በጎን በኩል ሥራዎቹ፣ በላይ በኩል ስሞቹ፣ በየሳጥኑ ደሞ ሠሪው ማነው፣ ተጠያቂው ማነው፣ ማን ይማከራል፣ ለማን ይነገራል የሚለው። ራሲ የሚባለው ሰንጠረዥ ይሄው ነው። ሠሪው ብዙ ሊሆን ይችላል፣ ተጠያቂው ግን በአንድ ሥራ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው መሆን ያለበት። ለእያንዳንዱ ድርሻ ተተኪም ጻፉ፣ ዓመት ፈቃድ የወጣ ወይም የለቀቀ ሰው ኦዲት እንዳያስቆምባችሁ።

ደረጃ 6፦ የውስጥ ኦዲተሮችን ለብቻ ምረጡ

ከአስተባባሪው ቀጥሎ ብዙ ማሰብ ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። አንቀጽ 9.2 የውስጥ ኦዲት እንድታደርጉ ያስገድዳል፣ ኦዲተሮቹም ገለልተኛ ሆነው እንዲመረጡ ይጠይቃል፣ በተግባር ማንም የራሱን ሥራ ኦዲት አያደርግም ማለት ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ኦዲተር ያስፈልጋል፣ አንዱ የሌላውን ክፍል እንዲያይ። ሲስተሙን ያዋቀረው አስተባባሪ ብቻውን ሁሉንም ኦዲት ሲያደርግ ብዙ ጊዜ አያለሁ፣ ያኔ የራሱን የዶክመንት ቁጥጥር ማን አየው? ኦዲተር የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነው።

ጥሩ የውስጥ ኦዲተር የሚያዳምጥ ሰው ነው። ስህተት ፈልጎ የሚደሰት ሰው ከላካችሁ ሠራተኛው መደበቅ ይጀምራል፣ መደበቅ ከጀመረ ደሞ የውስጥ ኦዲቱ ጥቅም አለቀ፣ ችግሩን የውጪው ኦዲተር ነው የሚያገኘው። ይሉኝታ የሚያጠቃውም አይሆንም፣ ጓደኛዬ ነው ብሎ ያየውን የማይጽፍ። ጥያቄው ክፍት ይሁን፣ "ይሄን ትሞላለህ?" ሲባል ሁሉም ሰው አዎ ይላል፣ "እስቲ ትናንት የመጣውን ዕቃ እንዴት እንደተረከብከው አሳየኝ" ሲባል ግን እውነቱ ይወጣል።

አጻጻፉንም አሠልጥኗቸው። "ስቶር ውስጥ ሪከርድ አያያዝ ደካማ ነው" የሚል ግኝት ምንም አያሠራም፣ ደካማ ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ክርክር ይነሳል። ሦስት ነገር ይኑረው፣ መስፈርቱ ምን ይላል፣ ምን ታየ፣ ማስረጃው የት አለ። ለምሳሌ "የርክክብ ፕሮሲጀሩ እያንዳንዱ ዕቃ ሲገባ የፍተሻ ፎርም ይሞላል ይላል፤ ናሙና ከታዩት 10 ርክክቦች በ3ቱ ላይ ፎርም አልተገኘም" ብሎ የርክክቦቹን ቁጥር መጥቀስ። እንዲህ ሲጻፍ የክፍሉ ኃላፊ ሊከራከር አይችልም፣ ማስተካከልም ቀላል ይሆንለታል።

ለኦዲተሮች ሥልጠና አይኤስኦ 19011 የሚባል የኦዲት መመሪያ አለ፣ ሰርቲፋይ የሚደረጉበት አይደለም፣ እንዴት ኦዲት እንደሚደረግ የሚያስተምር ነው፣ የኦዲተር ብቃትና ባህርይም እዛ ውስጥ አለ። በጣም ትንሽ ድርጅት ከሆናችሁና ገለልተኛ ሰው ካጣችሁ የውስጥ ኦዲቱን ከውጪ በመጣ ሰው ማሠራት ይቻላል።

ደረጃ 7፦ ሥልጠናውን ለሁሉም አንድ ዓይነት አታድርጉት

ሁሉንም ሠራተኛ አዳራሽ ሰብስቦ አንቀጽ 4 እስከ 10 ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው። አለቃው የሚፈልገው ግማሽ ቀን ነው፣ ኃላፊነቱና የማኔጅመንት ሪቪው ላይ ያተኮረ። ዋናው ቲም ስታንዳርዱን ከነአንቀጹ ማወቅ አለበት። የውስጥ ኦዲተሮች ደሞ ከዛ በላይ የኦዲት ልምምድ ያስፈልጋቸዋል። ሌላው ሠራተኛ የጥራት ፖሊሲውን፣ እሱን የሚመለከተውን ዓላማ፣ ሥራው ጥራት ላይ ምን እንደሚያመጣና ካላሟላ ምን እንደሚከተል ቢያውቅ በቂ ነው፣ ይሄም እዛው ሥራ ቦታው ላይ በአጭሩ ቢነገረው ይሻላል።

ለዋናው ቲም ምርጡ ሥልጠና ጋፕ አናሊሲስ (ስታንዳርዱ ከሚጠይቀው ውስጥ የጎደለውን መለየት) ራሳቸው እንዲሠሩ ማድረግ ነው። ስታንዳርዱን ይዘው አንቀጽ በአንቀጽ "ይሄ አለን? የት አለ? ማን ያሳየናል?" እያሉ ይዙሩ፣ ግን ሁሉም የሌላውን ክፍል እንጂ የራሱን አይይ። የሽያጭ ሰው ፕሮዳክሽን ሲገባ የሚያስተምረው ነገር በምንም ስላይድ አይገኝም። እና ደሞ አትርሱ፣ 7.2 የሚጠይቀው ብቃትን ነው፣ የተሳትፎ ሰርተፊኬት ፋይል ውስጥ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ከሥልጠናው በኋላ ሰውየው ሥራውን መሥራት መቻሉን ማን አየ የሚለው መልስ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 8፦ ኮንሰልታንቱንና ሰርቲፊኬሽን ቦዲውን ለዩ

ኮንሰልታንት መቅጠር ግዴታ አይደለም። ስታንዳርዱን የሚያውቅ ሰው በቤቱ ከሌለ ግን ጊዜ ይቆጥባል። ኮንትራቱ ላይ "ያስተምራል፣ ይገመግማል፣ ይተቻል" ይባል፣ "ዶክመንት ያዘጋጃል" አይባል። እሱ የጻፈው ፕሮሲጀር እሱ ሲሄድ ባለቤት ያጣል። ሥራውን በእጃችሁ ሠርታችሁ እሱ ያርማል፣ በዚህ ከተስማማ ጥሩ ኮንሰልታንት ነው።

ሰርቲፊኬሽን ቦዲው ሌላ ነው። አክሬዲቴሽን (ሰርተፊኬት ለመስጠት ብቁ ነው የሚል እውቅና) ያለው መሆኑን አረጋግጡ፣ አክሬዲቴሽን የሰጠውም አካል የዓለም አቀፉ የጋራ እውቅና ስምምነት አባል መሆኑን፣ አለበለዚያ ሰርተፊኬቱን ደንበኛችሁ ላይቀበለው ይችላል። እነዚህ ድርጅቶች የሚተዳደሩበት አይኤስኦ አይኢሲ 17021 ክፍል 1 የሚባል ስታንዳርድ አለ፣ በሱ መሠረት ሰርቲፊኬሽን ቦዲ የማማከር አገልግሎት መስጠት አይችልም፣ የውስጥ ኦዲት ሠርቶላችሁ ከነበረም 2 ዓመት ሳያልፍ ሰርቲፋይ ሊያደርጋችሁ አይችልም። ስለዚህ "እኔው አማክሬ እኔው ሰርተፊኬት እሰጣለሁ" የሚል ከመጣ በሩን አሳዩት።

የኦዲት ቀኑ ብዛት ዋናው መነሻ የሠራተኛ ቁጥር ነው። ከ26 እስከ 45 ሰው ላለው ድርጅት የመጀመሪያው ሰርቲፊኬሽን መነሻ 4 የኦዲት ቀን ነው፣ ከ86 እስከ 125 ላለው 7፣ እንደ ሥራው ውስብስብነት ከፍም ዝቅም ይላል። ይሄን ለቲሙ ቀድማችሁ ንገሩ፣ በነዚያ ቀናት ማንም ፈቃድ እንዳይወጣ።

ደረጃ 9፦ የሥራውን ምት አስይዙ

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቋሚ ቀንና ሰዓት፣ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ። አንድ ዝርዝር ብቻ ይኑር፣ ምን ይሠራል፣ ማን፣ እስከ መቼ፣ የት ደረሰ። ስብሰባው በዛ ዝርዝር ይጀምራል በዛ ያልቃል። ሁለት ጊዜ ዴድላይን ያለፈበት ነገር ሦስተኛ ቀጠሮ አይሰጠው፣ ለአለቃው ይሂድ፣ ይሄ ቅጣት ተደርጎ መታየት የለበትም፣ ሰውየው ምናልባት ሰው ወይም መሣሪያ አጥቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱን የሚፈታለት አለቃው ነው።

ፕሮሲጀሩን ሥራውን የሚሠራው ሰው ይናገራል፣ የቲሙ አባል ይጽፋል፣ ሌላ ሰው ያን ወረቀት ብቻ ይዞ ሥራውን ለመከተል ይሞክራል። ከተደናገረ ይታረማል። የ2015ቱ እትም የጥራት ማኑዋልን እንኳን ግዴታ አያደርግም፣ ስለዚህ ወፍራም ፋይል ለማሳየት አትልፉ።

ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ሪከርድ እስኪጠራቀም ጊዜ ስጡት፣ ብዙ ድርጅቶች ሦስት ወር ያህል ይሄዱበታል። ከስቴጅ 2 በፊት የውስጥ ኦዲቱና የማኔጅመንት ሪቪው ሁለቱም መደረግ አለባቸው። የማኔጅመንት ሪቪውን አጀንዳ ከአንቀጽ 9.3 ላይ በቀጥታ ውሰዱት፣ አንዱን ነጥብ ብትዘሉ ራሱን የቻለ ግኝት ይሆንባችኋል።

በመሀል የሚደክም ሰው ይኖራል፣ ይሄ የማይቀር ነው፣ በተለይ ዶክመንት መጻፉ ሲረዝም። አስተባባሪው ሰውየውን ለብቻው ያናግረው፣ ሰው ፊት አይደለም። ድርሻው በዝቶበት ከሆነ ይከፈል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ይታገዝበት። ሥራውን ስለማይፈልገው ከሆነ ደሞ በክብር ይተካ፣ አስገድዶ ማቆየት ሌላውንም ያደክማል።

ደረጃ 10፦ የኦዲቱ ቀን ማን የት ይሆናል

ከኦዲተሩ ጋር የሚዞር አንድ ሰው መድቡ፣ መንገድ የሚያሳይ፣ ሰዓት የሚጠብቅ፣ የታየውን የሚመዘግብ። ይሄ ሰው በሚጠየቀው ሰው ፈንታ መልስ አይሰጥም፣ ዓይን አይጠቅስም፣ ኦዲቱ ውስጥ ጣልቃ አይገባም። ሌላ አንድ ሰው ቢሮ ሆኖ የተጠየቀ ዶክመንት ያቀርባል። መልስ የሚሰጠው የሥራው ባለቤት ነው።

ለሠራተኛው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፣ የምትሠሩትን ተናገሩ፣ የማታውቁትን አላውቅም፣ እገሌ ያውቃል በሉ። መልስ ማስጠናት ትልቅ ስህተት ነው፣ የተጠና መልስ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይፈርሳል።

ግኝት ከወጣ ማይነር (ቀላል) ወይም ሜጀር (ከባድ) ይባላል። ሜጀር ከሆነ ማስተካከያው ተረጋግጦ ካልተዘጋ ሰርተፊኬት አይሰጥም፣ ከስቴጅ 2 የመጨረሻ ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ መረጋገጥ ካልቻለ ስቴጅ 2 እንደገና ይደረጋል። ለማይነር የማስተካከያ እቅዳችሁ ተቀባይነት ማግኘት አለበት። የስረ መንስኤ ምርመራውን የክፍሉ ባለቤት ይምራው፣ አስተባባሪው ይርዳው። "ሠራተኛው ረስቶ ነው" ላይ አትቁሙ፣ ለምን ረሳ? ፎርሙ የት ነበር? ሥራው በበዛበት ሰዓት ማን ይሞላዋል ተብሎ ነበር የታሰበው? እዛ ድረስ ካልወረዳችሁ በክትትል ኦዲቱ ያው ግኝት ተመልሶ ይመጣል።

ደረጃ 11፦ ሰርተፊኬቱ ከመጣ በኋላ ቲሙን አትበትኑ

የመጀመሪያው የክትትል ኦዲት ሰርተፊኬቱን የመስጠት ውሳኔ ከተላለፈ 12 ወር ሳይሞላ ነው መደረግ ያለበት። ሳምንታዊውን ስብሰባ ወደ ወርሃዊ አውርዱት፣ ዝርዝሩ ግን ይቀጥል። የውስጥ ኦዲቱን ለዓመቱ መጨረሻ አታከማቹት፣ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ አንድ አንድ ክፍል ብታዩ ሥራውም ይቀላል፣ ችግሩም ሳይከርም ይገኛል። ኦዲተሮቹን በየዓመቱ ክፍል አቀያይሯቸው፣ አንድ ሁለት አዲስ ሰው ከነባሮቹ ጋር እየዞረ እንዲማር አድርጉ። የቲም አባል ሲለቅ ከንብረት ርክክቡ ጋር የያዘው ድርሻ፣ ያልተዘጉ ጉዳዮችና ፋይሎቹ ያሉበት ቦታ ተጽፎ ለተተኪው ይሰጥ፣ ሰንጠረዡ ላይ ስሙ የዛኑ ቀን ይቀየር።